ለእኔ ያልቆመው ባቡር

ቅናት ምን እንደሆነ በቅድሚያ ላስረዳ። መምህር ስለሆንኩ ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም። ቅናት ማለት ሌላው ያገኘውን ለራስ መመኘት ነው የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። እኔ ፒያኖ መጫወት ተመኝቼ አላውቅም። አንድ ደግ ሰው ተነሥቶ ፒያኖ ቢሰጠኝስ የት አስቀምጠዋለሁ? አቃቂ በሰቃ የተከራየኋት ክፍል አልጋዬን ካስገባች በኋላ እኔን የምታስገባኝ በጎኔ ነበር። የእኔ ምኞት ከዚህ ይልቅ ቀላልና ወጪ የሌለው ነው፤ ዮናስ ፒያኖ መጫወት ባይችል።

ዮናስ ከሐዲዱ ማዶ ተወልዶ ያደገ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የተማረ ልጅ ነው። እኔ የክፍሉ ሞኒተር ነበርኩ፤ አንደኛም እወጣ ነበር። እሱ ስንተኛ ይወጣ እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም። እናቱ የፋብሪካው ፈረንጅ መሐንዲስ ቤት ልብስ ያጥቡ ነበር። በዚያ ቤት ፒያኖ ነበረ። እናቱ ሲያጥቡ ልጁ ከፒያኖው ሥር ይቀመጣል። አንድ ቀን የመሐንዲሱ ሚስት አነሡና ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ በኋላ ከወንበሩ የሚያነሣው ጠፋ። እንዲህ እንዲህ እያለ ባሕር ተሻገረ፣ ተማረ፣ ተወዳደረ፣ አሸነፈ፣ ጭራ ያለው ኮት ለበሰ።

እኔም ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄያለሁ። የእኔ ኮት ጭራ የለውም።

አሁን የፒያኖ ተጫዋችን ሥራ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው እንጂ ቢያውቀው እንደኔ ይበሽቅ ነበር። ሰውየው ወደ አዳራሹ ይገባል፤ ይጨበጨብለታል። ልብ በሉ፣ ገና ምንም አልሠራም! ይቀመጣል፤ ይጫወታል፤ ይነሣል፤ ይጨበጨብለታል። ይወጣል፤ አሁንም ይጨበጨባል። ተመልሶ ይገባል። ረስቶት የሄደው ዕቃ የለም፤ እንዲሁ ሊጨበጨብለት ነው የተመለሰው። እስቲ ደግሞ የእኔን ሥራ ተመልከቱ። እገባለሁ፤ ሥልሳ ተማሪ እየተንጫጫ ይነሣል። ክፍልፋይ አስተምራለሁ። ስወጣ ደስ ይላቸዋል፤ ግን አያጨበጭቡም። ረስቼ የሄድኩት ነገር ኖሮ ተመልሼ ብገባማ የሚያለቅሱም አሉ።

እናቴ ደግሞ ቁስል ላይ ሚጥሚጣ መነስነስ ታውቅበታለች።

«ዮናስ ለአንድ ንጉሥ ተጫወተ አሉ» አለችኝ አንድ እሑድ።

«እኔስ ለስድስተኛ ቢ አስተምር የለ እንዴ?»

«እሱማ ነው» አለችና ሽሮውን ማማሰል ቀጠለች። ይህን «እሱማ ነው» የሚለውን ቃል ከእናት አፍ የሰማ ሰው ስድብ አይፈራም።

ይህም ሁሉ ባልከፋ ነበር፤ ጽጌ ባትኖር።

ጽጌ እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። አባቷ አቶ ደምሴ የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሹም ናቸው። ከጽጌ ጋር በዓይን ከተግባባን ቆይተናል። በአፍ ያልተግባባነው እኔ መናገር ስጀምር ለእሷ ተራ ስለማይደርሳት ነው። ለማንኛውም ሽማግሌ ልልክ ቆርጫለሁ፤ ቀኑም እሑድ ሆኖ ተወስኗል፤ አጎቴ፣ የንስሐ አባቴና የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሊሄዱልኝ ተስማምተዋል። ሁሉም ነገር በሥርዓቱና በቅደም ተከተሉ ነበር። በዚያው ሳምንት ዮናስ መጣ።

«ሞኒተር!» ብሎ ገና ከሩቁ ጮኸ፤ ተማሪዎቼ መሐል። አቅፎ ሳመኝ። እጁን ግን ወዲያው ኪሱ ከተተ። ኋላ እንደተረዳሁት ጣቶቹን ከብርድም፣ ከሸክምም፣ ከጠንካራ ሰላምታም ይጠብቃቸዋል። አንድ ሰው ለጣቶቹ ይህን ያህል ሲሳሳ አይቼ አላውቅም። የእኔን ጣቶች ጠመኔ በልቷቸዋል፤ ማን አዘነላቸው?

ተወልዶ ላደገበት አገር ሰው አንድ ጊዜ ሳልጫወት አልሄድም ብሏል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሊጫወት፣ እሑድ ሊሄድ ነው። መሐንዲሱ አገሩ ሲገባ ፒያኖውንም ይዞ ስለሄደ አቃቂ ውስጥ ፒያኖ የለም። ርእሰ መምህሩ ከአዲስ አበባ አንድ ተዋሱ። አቶ ደምሴም «እኔ በቅዳሜው የጠዋት ባቡር፣ በፉርጎ አስመጣላችኋለሁ» ብለው ቃል ገቡ።

እስከዚያው ሰውየው ጣቶቹን ማፍታታት አለበት። የሠለጠነ ፒያኖ ተጫዋች አንድ ቀን ሳይለማመድ ከዋለ ራሱ ያውቀዋል፣ ሁለት ቀን ከዋለ ሚስቱ ታውቀዋለች ይላል ዮናስ። (ሚስት አለህ እንዴ ስለው የለኝም አለኝ። ያን ዕለት ራት አልበላሁም።) ታዲያ የት ይለማመድ? የጣቢያውን የጓዝ መመዝገቢያ ጠረጴዛ መረጠ። ረጅም፣ ለስላሳ፣ ወፍራም የጣውላ ጠረጴዛ ነው። ወንበር ስቦ ይቀመጥና በባዶው ጣውላ ላይ ይጫወታል። ድምፅ የለም። ጣቶቹ ብቻ ይሮጣሉ፤ ትከሻው ይወዛወዛል፤ ዓይኑ ይጨፈናል።

የጣቢያው የጫኝና አውራጅ አለቃ ጋሽ ቶሎሳ ለሁለት ቀን ዝም ብለው ካዩ በኋላ ጠየቁኝ።

«መምህር፣ ይሄ ልጅ እዚያ ማዶ አሞት ነበር እንዴ?»

«ሥራው ነው፣ ጋሽ ቶሎሳ።»

«ጠረጴዛ መደብደብ?»

«አዎ።»

«በል እንግዲህ፣ እግዜር ይማረው» አሉ። እንደዚያ ቀን ጋሽ ቶሎሳን ወድጃቸው አላውቅም።

ችግሩ ጽጌ ነበረች። ለአባቷ ምሳ ልታደርስ ጣቢያው ትመጣለች። ድሮ ሳህኑን አስቀምጣ ነበር የምትሄደው። አሁን ቆማ ታያለች።

«ምን ታያለሽ? ድምፅ የለውም እኮ» አልኳት።

«ዝም በል እስቲ» አለች በሹክሹክታ፣ «አሁን ቀስ ያለው ጋ ደርሷል።»

አስቡት። ድምፅ በሌለው ሙዚቃ የተማረከች ሴት ድምፅ ሲጨመርበት ምን ልትሆን ነው? ለእሑድ ሽማግሌ አዘጋጅቼ ቅዳሜ ልጅቷን በገዛ ትምህርት ቤቴ አዳራሽ ላስነጥቅ ነው። አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። እኔ ደግሞ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማስረዳት።

ርእሰ መምህሩ የሥነ ሥርዓቱ ኃላፊ አድርገውኝ ስለነበር ሁለት ነገር አሰናዳሁ። አንደኛው የተመልካች ትምህርት ነው። ተማሪዎቹንም ወላጆቹንም «በዚህ ዓይነት ሙዚቃ መሐል አይጨበጨብም፤ አይፎከርም፤ እልል አይባልም፤ መቼ እንደሚያልቅ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ሳላጨበጭብ ማንም እንዳያጨበጭብ» ብዬ አስጠናኋቸው። እውነቱን ለመናገር ሥልጣኑ አስደስቶኛል። የዮናስ ጭብጨባ በእኔ መዳፍ ውስጥ ገባች ማለት ነው። ትንሽ ዘግየት ብዬ ላስጀምራት አስቤ ነበር።

ሁለተኛው ንግግር ነው። ፒያኖው ከባቡር ሲወርድ ጣቢያው ላይ የማሰማው፣ «ፒያኖ ምንድን ነው?» የሚል የአቀባበል ንግግር። ጽጌ የአንደኛ ክፍል ልጆችን አሰልፋ ትገኛለች፤ አባቷ ይገኛሉ፤ ዮናስ እጁን ኪሱ ከቶ ከዳር ይቆማል፤ እኔ እናገራለሁ። ከሰዓት በኋላ እሱ ሲጫወት፣ ሕዝቡ የሚሰማውን ያወቀው በእኔ መሆኑን ጽጌ አትረሳም። እቅዱ ይህ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባቡሩ ከአዲስ አበባ በኩል እየጨሰ ገባና ቆመ። የፉርጎው በር ተከፈተ። ፒያኖው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ ታየ። ጋሽ ቶሎሳ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሠራተኞቻቸውን «በሉ ያዙ!» ሲሉ እኔ ወንበር ላይ ወጣሁ።

«ክቡራንና ክቡራት!»

አገራችን ጨዋ አገር ነው። ሰው ሲናገር አይሠራም። ጋሽ ቶሎሳ ቆባቸውን አወለቁ፤ ሠራተኞቻቸውም አወለቁ፤ ፉርጎውን ተደግፈው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ይህን ያህል ሲያከብሩኝ ጊዜ ንግግሬ ሞቀ። ከእንጨቱ ጀመርኩ። ስለ ዛፉ፣ ስለ መጋዙ፣ እንጨቱ ለምን መድረቅ እንዳለበት ተናገርኩ። ከዚያ ወደ ክሮቹ ገባሁ። አቶ ደምሴ የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩ። አደነቁኝ ብዬ አሰብኩ። ሳል አሉ። ስሜት ነክቷቸው መሰለኝ።

«መምህር...» አሉ ቀስ ብለው።

«አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እሸጋገራለሁ፤ ይኸውም ፔዳል የሚባለው ነው።»

እዚህ ላይ ስለ ባቡር ትንሽ ላስረዳ። በአቃቂ የሚያልፈው ሐዲድ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ባቡር በሰዓቱ ካልሄደ ከወዲያ የሚመጣው ዱከም ላይ ተገትሮ ይቀራል፤ መስመሩ ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ ባቡር ንግግር አይጠብቅም። ይህን ሁሉ በደንብ አውቃለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ። ደወል ተደወለ። ባቡሩ ፊሽካውን ነፋ። እኔ የሚረብሸኝ ሰው ያለ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«በግራ በኩል የምታዩት ይህ ፒያኖ...» ብዬ በጣቴ አመለከትኩ። ፒያኖው መሄድ ጀመረ። ጣቴም ተከተለው። የጽጌ ልጆች የሥነ ሥርዓቱ ክፍል መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡ። ጣቴ ፒያኖውን ተከትሎ፣ ተከትሎ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ዱከም እንዳመለከተ ቀረ።

ጋሽ ቶሎሳ ቆባቸውን መልሰው ደፉና በአክብሮት ጠየቁኝ።

«መምህር፣ ጨረሱ? አሁን እናውርድ?»

አቶ ደምሴ አልጮሁብኝም። ይህ ነው የከፋው። ባዶውን ሐዲድ አዩ። ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ እኔን።

«ይህን ጣቢያ ከያዝኩ ጀምሮ አንድ ጥቅልል ቆዳ እንኳ ጠፍቶብኝ አያውቅም» አሉ። «ዛሬ ፒያኖ ጠፋብኝ። ያውም የትውስት ፒያኖ። ያውም እያየሁት።»

«ጋሼ ደምሴ፣ ላስረዳዎት...»

«ተው! ልጄ፣ ተው፤ እባክህ አታስረዳኝ። ነገ ደግሞ ሽማግሌ ይመጣብዎታል ብለውኛል። የማን ሽማግሌ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አ... አላውቅም» አልኩ። ጽጌ ዞራ አየችኝ። ያች አስተያየት ከንግግሬ ሁሉ ረዘመችብኝ።

አቶ ደምሴ ወደ ቢሯቸው ገብተው በጣቢያው ስልክ መጮህ ጀመሩ። በመጨረሻ ደብረ ዘይት ላይ ፉርጎውን ቆርጠው ሊያስቀሩልን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ በሚመለሰው ባቡር ላይ ሊቀጥሉልን ተስማሙ። ይደርሳል፣ አይደርስም፣ የሚያውቅ የለም። ሰው ሁሉ ተበተነ። እኔ ግን የጓዝ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥኩ። እናቴ ቤት ብሄድ «እሱማ ነው» ልትለኝ ነው። ደግሞም ሥርዓት አለ፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው ዕቃው እስኪመጣ ጣቢያ ላይ ይጠብቃል።

ዮናስ መጥቶ ከጠረጴዛው ፊት ተቀመጠና በባዶው ጣውላ ላይ መጫወት ጀመረ። ይቆጣኛል ብዬ ብጠብቅ ዝም። ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

«ለምን አትቆጣም?» አልኩት።

«ምን አዲስ ነገር አለው? አንድ ጊዜ ፔዳሉ የወለቀ ፒያኖ ሰጡኝ። አንድ ጊዜ ውስጡ አይጥ ወልዳበት አገኘሁ።» ጣቶቹ አላቆሙም። «በየከተማው የማላውቀው ፒያኖ ነው የሚቀርብልኝ። ሳንላመድ እንለያያለን። እንደ ሆቴል አልጋ ነው። ልብሴን ከሻንጣ አውጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅዬ አላውቅም።»

«እኔ ቁም ሳጥን የለኝም» አልኩት። በምንም ቢሆን እንዲበልጠኝ አልፈለግኩም።

ጽጌ ሻይ ይዛ ገባች። አንድ ትሪ፣ ሁለት ብርጭቆ። ለሁለት ወንድ እኩል የተቀዳን ሻይ ያህል የሚያቃጥል መጠጥ የለም። ብርጭቆዎቹን አጎንብሼ አስተያየሁ፤ የእሱ በአንድ ጣት ያህል የሚበልጥ መሰለኝ። ትሪውን ይዛ ወጣች።

እሷ ከመውጣቷ አጎቴ ገቡ። ወገባቸውን ይዘዋል።

«ልጄ፣ ነገ እንኳ አልችልም። ወገቤን ያዘኝ።»

«ጠዋት ደህና ነበሩ እኮ፣ አባባ!»

«ጠዋት ፒያኖውም ደህና ነበር» አሉ። «ሰማህ፣ ዛሬ ዕቃውን ያስጠፋህበትን ሰው ነገ ልጅህን ስጠኝ ብዬ ደጁ ብቆም ምን ይለኛል? እሷንስ የት ልታደርሷት ነው አይለኝም?» ብለው ወገባቸውን ለቀው በፍጥነት ሄዱ።

ዮናስ መጫወቱን አቆመ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ለጽጌ ነው?»

ዝም አልኩ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ስንት ሽማግሌ ቀረህ?»

«የንስሐ አባቴና ዘበኛው።»

«በቃ፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ» አለ። «ባቡሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት እንሄዳለን።»

እንግዲህ ፍረዱ። ጅብ ሥጋ ልጠብቅልህ ሲል ምን ይባላል? እምቢ ብል ሽማግሌ ይጎድልብኛል፤ እሺ ብል ያ ጭራ ያለው ኮት ጽጌ ቤት ሰተት ብሎ ይገባል፤ ያውም በእኔ ስም። «አስብበታለሁ» አልኩት። እሱ ግን ወደ ጣውላው ተመልሶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ አዳራሹ ውስጥ ሞልቶ ሲጠብቅ «ፒያኖው በባቡር እየመጣ ነው» የሚል ወሬ ደረሰ። ያኔ ማን እንዳዘዘ አይታወቅም፣ ሁሉም የተቀመጠበትን አግዳሚ ተሸክሞ ወደ ጣቢያው ጎረፈ። እኔ ወንበሮቹን በረድፍ በረድፍ ቁጥር ሰጥቼ ደርድሬያቸው ነበር። ይሁን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባቡሩ ገባ። የፉርጎው በር ሲከፈት ከፒያኖው ፊት እስከ ጣሪያው ድረስ ሽንኩርት ተጭኗል። ባዶ ቦታ ያየ ነጋዴ ደብረ ዘይት ላይ ከረጢቶቹን አስገብቶበት ነው። ጋሽ ቶሎሳ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህን አውርዶ፣ ፒያኖውን አውርዶ፣ ሽንኩርቱን መልሶ ለመጫን ባቡሩ እዚህ ማደር አለበት።»

«እንግዲያው አይወርድም» አለ ዮናስ። «መንገድ ብቻ ክፈቱልኝ፤ እዚያው ፉርጎው ላይ እጫወታለሁ።» ይህን ብሎ እነዚያን የሚሳሳላቸውን እጆች ከኪሱ አውጥቶ አንድ ከረጢት ሊያነሣ አጎነበሰ።

«ጣትህን!» ብሎ የጮኸ ሰው ነበር። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ነው እኔ መሆኔን ያወቅኩት። ዘልዬ ወጣሁና ከረጢቱን ነጠቅኩት። እሱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከጋሽ ቶሎሳ ሰዎች ጋር ወደ ጎን አነሣሁ። ለሰውየው አዝኜ አይደለም። በእኔ ንግግር ጣቱ ተሰበረ እንዳይባል ነው። ሁለት ከረጢት ተቀዶ ሽንኩርቱ ተረገጠ።

ዮናስ የሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ብርድ ልብሱን ገፈፈ። ተጫወተ።

ሙዚቃውን ማስረዳት እችላለሁ ብዬ ነበር። አልችልም። በግራ እጁ ከሩቅ አንድ ከባድ ነገር እየመጣ፣ በቀኝ እጁ በቆርቆሮ ላይ የመጀመሪያዋ የክረምት ዝናብ ጠብ ጠብ ትላለች። ተሳፋሪው በመስኮት ወጥቶ ተንጠለጠለ። የባቡሩ ነጂ ወርዶ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆመ። የዮናስ እናት አግዳሚው ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል፤ ያጠቡት የፈረንጅ ልብስ ሁሉ እየተሰጣ በፊታቸው የሚያልፍ ይመስል ዓይናቸው አልተነቀለም። ሰው አለቀሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ሽንኩርት ነው። የተረገጠ ሽንኩርት ዓይንን እንደሚያስነባ በሳይንስ የታወቀ ነው። እኔም አልቅሻለሁ። በሽንኩርቱ።

በመሐሉ የመነሻው ሰዓት ደረሰ። ደወል መቺው ወደ አቶ ደምሴ ዞረ። አቶ ደምሴ የኪስ ሰዓታቸውን አወጡ፤ አዩት፤ ክዳኑን ገጠም አደረጉና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። አረንጓዴውን ባንዲራ ጠቅልለው በብብታቸው ያዙ።

ባቡሩ ቆመ።

ያ ባቡር! ለአምስት ገጽ ንግግር፣ ለሁለተኛው ክፍል፣ ለፔዳል እንኳ ያልቆመው ባቡር ለዮናስ ቆመ። ዱከምም ቀረ፣ መስመርም ቀረ። ቅናት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ የነበረው ልምምድ ነበር።

ዮናስ ጨረሰ። እጆቹ ከፒያኖው ላይ ተነሡ። ማንም አላጨበጨበም። ለካስ ሕዝቡ ሁሉ በጥናቱ መሠረት እኔን እያየ ነው! የዮናስ ጭብጨባ በመዳፌ ውስጥ ነበረች፤ እኔ ግን መዳፌን በዓይኔ ላይ አድርጌ፣ ያንን የተረገመ ሽንኩርት እጠርጋለሁ። የባቡሩ ነጂ ግን በእኔ ትምህርት አላለፈም። ወደ ባቡሩ ወጥቶ ፊሽካውን ረጅም፣ በጣም ረጅም አድርጎ ነፋው። ያኔ አቃቂ በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ዮናስ ከፉርጎው ዘሎ ወረደ፤ ፒያኖው ከነሽንኩርቱ ወደ ባለቤቱ ሄደ።

እሑድ ጠዋት፣ ሌላ ሽማግሌ ስላላገኘሁ፣ ዮናስ ያን ጭራ ያለውን ኮት ለብሶ ከንስሐ አባቴና ከዘበኛው ጋር ወደ አቶ ደምሴ ቤት ሄደ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ እኔ ጣቢያው ላይ ጠበቅኩ። ምን ይላቸው ይሆን? እኔ ብሆን ከትውልድ ሐረጌ ጀምሬ፣ ትምህርቴን አስከትዬ፣ ጠባዬን ከፋፍዬ አስረዳ ነበር። እሱ ምን ያውቃል? ቢሳካለት እንኳ ለራሱ ነው የሚሳካለት። ሲመለሱ ከሩቅ የሦስቱንም ፊት አጠናሁ። ዘበኛው ይስቃል።

«ተሰጠህ» አለ ዮናስ። «አንድ ቅድመ ሁኔታ አላቸው። በሠርጉ ላይ ንግግር አታደርግም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ። እኔ ሰላሳ ቃል ይፈቀድለት ብዬ ነበር፤ እምቢ አሉ።»

ባቡሩ መጣ። ዮናስ ሻንጣውን ሊያነሣ ሲል ቀደምኩትና አነሣሁለት። «ምን አልካቸው?» አልኩት። ፊሽካው ተነፋና አልሰማኝም፤ ወይም እንዳልሰማኝ ሆነ። እጁን ከኪሱ አውጥቶ በመስኮት አውለበለበልኝ። ባቡሩ ከወንዙ ማዶ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት።

ተጋባን። ሠርጌ ላይ አፌን ዘግቼ ስበላ ዋልኩ፤ አቶ ደምሴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። ጽጌን ግን አላስቀመጥኳትም። ሽማግሌዎቹ የሄዱ ቀን ከጓዳው በር ኋላ ቆማ ትሰማ እንደነበር ነግራኛለች። ዮናስ ምን አለ? ምን ብሎ አሳመናቸው? ስንት ነጥብ አነሣ? ጠየቅኩ፣ ጠየቅኩ፣ በመጨረሻ ነገረችኝ።

አባቷ «ይህ ሰው ባቡር እስኪሄድ የሚያወራ ሰው ነው፤ ልጄን እንዴት እሰጠዋለሁ?» ብለው ነበር። ዮናስም፣ «እውነት ነው፣ ባቡር እስኪሄድ ያወራል። ግን ባቡሩ ከሄደም በኋላ ጣቢያው ላይ የሚቀረው እሱ ነው። እኔ ሁልጊዜ ባቡሩ ላይ ነኝ» አለ። ከዚያ በኋላ የቀረው የሠርጉ ንግግር ነገር ብቻ ነበር አለች።

ይኸው ነው። ያችን ታህል ነገር ናት ሚስት ያስገኘችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የተማሪ ደብተር ሳርም ያች ንግግር ትመጣብኛለች። አጭር ናት፤ አንድም ትርፍ ቃል የላትም፤ የትም ብትጎትቷት አትበጠስም። እኔ አምስት ገጽ ስጽፍ ሰንብቼ እንዲህ ያለች አልመጣችልኝም። ፒያኖውንስ ይጫወት፣ ጭብጨባውንም ይውሰድ፣ ባቡሩም ይቁምለት። እሷን ግን እኔ ብዬያት ቢሆን ኖሮ!